ፈገግታዋን የምትሸሽግ ዛፍ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ስለ ሊባኖስ ዝግባ፣ ስለ አገራችን ጽድና ወይራ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ዛሬ ታሪኳን የምናቀርብላችሁ ዛፍ ግን ከእነዚህ ታላላቆች ተርታ የምትቆም አይደለችም። ቁመቷ ከሦስትና ከአራት ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ እድገቷም ዝግ ያለ ነው። ብርዱ በማይበረታበት አገር በግቢ ውስጥ ትተከላለች፤ ውርጭ በሚጸናበት አገር ደግሞ በሸክላ ዕቃ ተተክላ፣ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ በቤት ውስጥ ትኖራለች። ቅጠሏ ትንሽና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በበጋም በክረምትም አረንጓዴነቱን አይለቅም። እምቡጧ ቡናማ ለስላሳ ጠጉር የለበሰ ነው። አበባዋ ሲወጣ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም አይበልጥም፤ መልኩ እንደ ለጋ ቅቤ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ወይን ጠጅ ቀለም የነካው ይመስላል። ሽታን በቃል መግለጽ ያስቸግራል ይባላል፤ የዚህችን ዛፍ ሽታ መግለጽ ግን አያስቸግርም፤ የበሰለ ሙዝ ትሸታለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሞቅ ስትል አንዲቱ ዛፍ ብቻዋን ግቢውን በሙሉ ታውደዋለች።

የዕፀዋት ሊቃውንት ማግኖሊያ ፊጎ ይሏታል። የትውልድ አገሯ ደቡብ ቻይና ነው። ቻይናውያንም «ሃን ሺያው» ብለው ይጠሯታል፤ ትርጓሜው ፈገግታን በአፉ የያዘ ማለት ነው። እንዲህ መባሏም አበባዋ እንደ ጽጌረዳ ተዘርግታ ስለማትፈነዳ ነው። ከንፈሯን በጥቂቱ ከፈት፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትቆይና በዚያው ትረግፋለች። ለመሳቅ የቃጣት፣ ነገር ግን ጨዋነት የከለከላት ወይዘሮ ትመስላለች።

ይህች ዛፍ በቤተ መንግሥት እጅግ የተወደደችበት ዘመን አንድ ታላቅ መንግሥት የወደቀበት ዘመን ነው። መንግሥቱ የወደቀው በእርሷ ምክንያት ነው አንልም፤ መንግሥት በአንዲት አበባ አይወድቅም። ነገር ግን እርሷንና መሰሎቿን ከደቡብ ወደ ሰሜን እያስጫነ ያመጣ የነበረው መሥሪያ ቤት በዚያ ውድቀት ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባብያን ይህን ክፍል ከሌላው ይልቅ በጥሞና ብታነቡት መልካም ነው እንላለን።

ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሰውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። በእኛ አገር ቅዱስ ላሊበላ ከመንገሡ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ይቀድማል። በዚያ ጊዜ በቻይና የሶንግ ነገሥታት ይገዙ ነበር፤ ዋና ከተማቸው ካይፈንግም በሕዝብ ብዛትና በንግድ ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች። በ1100 የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ሁዪዞንግ ሠዓሊና ባለቅኔ፣ ደግሞም በቁም ጽሕፈት አዲስ ስልት ያወጣ ሰው ነው፤ የእጁ ሥራ ዛሬም በየአገሩ ቤተ መዘክር ይታያል። እንዲህ ያለ ተሰጥዎ ያለው ሰው ንጉሥ ባይሆን ኖሮ ለራሱም ለአገሩም ይበጅ ነበር ለማለት ይዳዳናል።

ለንጉሠ ነገሥቱ አንድ የታኦ ሃይማኖት መምህር የቤተ መንግሥቱ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ቢደለደልና ከፍ ቢል ወንዶች ልጆች ይበዙልሃል ብሎ መከረው ይባላል። ልጆቹም በዙ። ንጉሠ ነገሥቱ በምክሩ ስለ ተደሰተ ከ1117 ጀምሮ በዚያው ስፍራ ሰው ሠራሽ ተራራ አስቆለለ፤ በ1122 ሲፈጸምም ጌን ዩዌ ተባለ። በውስጡ ዋሻና ፏፏቴ፣ አጋዘንና ልዩ ልዩ አእዋፍ፣ ከሩቅ የመጣ ዛፍና ድንጋይ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጁ በጻፈው የአትክልት ቦታው ዜና ውስጥ መልካም ሽታ ያላቸውን የደቡብ ዕፀዋት በስም ይቆጥራል፤ ከመካከላቸው አንዷ ሃን ሺያው ናት። አፈሩና አየሩ ለዕፀዋቱ እንግዳ ሲሆን ሁሉም በእርሱ ግቢ መጽደቃቸውን ይመካበታል። ሃን ሺያው ውርጭ የማትወድ የደቡብ ልጅ መሆኗን፣ የካይፈንግ ክረምትም በረዶ የሚጥልበት መሆኑን ለሚያውቅ አትክልተኛ ግን ይህ ትምክሕት የብዙ ሰዎችን ድካም ይሰውራል። በየክረምቱ ማን አለበሳት? ማን ወደ ቤት አስገባት? የንጉሡ ጽሑፍ ይህን አያነሣም።

ዕፀዋቱ ወደ ከተማይቱ የደረሱበት መንገድ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1105 በሱጆው ከተማ አንድ የአቅርቦት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በላዩም ጁ ሚየን የሚባል የመድኃኒት ነጋዴ ልጅ ተሾመ። የሾመውም በዋናው ሚኒስትር በጻይ ጂንግ ድጋፍ ነው። ሥራው ንጉሠ ነገሥቱን ደስ የሚያሰኝ አበባና ድንጋይ ፈልጎ በመርከብ መላክ ነበር። በመጀመሪያ የሚላከው ጥቂት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሲያመሰግን ጊዜ በዛ፤ ሲበዛም የአበባና የድንጋይ ጭነት ተብሎ ራሱን የቻለ የመንግሥት ሥራ ሆነ።

የአሠራሩን ነገር የሶንግ ዜና መዋዕል እንዲህ ሲል ያስረዳል። በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ለዓይን የሚማርክ ዛፍ ወይም ድንጋይ መኖሩ የተሰማ እንደ ሆነ ወታደሮች ይገቡና የንጉሥ ምልክት የሆነውን ቢጫ ማኅተም ይለጥፉበታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዛፉ የባለቤቱ መሆኑ ይቀራል፤ የመጠበቁ ዕዳ ግን የባለቤቱ ነው። ሳይወሰድ ጉዳት ቢያገኘው ንጉሥን እንደ ደፈረ ተቆጥሮ ይቀጣል። የሚወሰድበት ቀን ሲደርስ ደግሞ እንዲያልፍ ተብሎ ግድግዳ ይፈርሳል፤ ቤት ይናዳል። በመጨረሻም አንድ ሰው ጥቂት ለየት ያለ ተክል በግቢው ቢያገኝ ክፉ ምልክት መጣብኝ እያለ ቶሎ ነቅሎ እስከ መጣል ደረሰ። አንባብያን ሆይ፤ ይህን ነገር ልብ በሉ፤ አበባን ከመውደድ የተነሣ መሥሪያ ቤት ሕዝቡን አበባ እንዲጠላ አደረገው።

መርከብ ሲያንስ እህል የሚያመላልሱት የመንግሥት መርከቦች ለአበባ ተወሰዱ፤ የነጋዴም መርከብ ተያዘ። አንድ ጊዜ ከታይ ሐይቅ የወጣ ከ10 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ድንጋይ በታላቅ መርከብ ተጭኖ ሲመጣ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ጐታቾች ሲስቡት፣ በመንገዱ ያለው ድልድይና የውሃ በር ይፈርስለት ነበር። ከከተማ ወደ ከተማ ወርዶ ሲጠየቅ ግን እያንዳንዱ ሹም የሚመልሰው አንድ ነው፤ ትእዛዝ ነው ይላል። ትእዛዙን የሚያጋንነው ማን እንደ ነበረ ሲታይ አብዛኛው ከላይ የመጣ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ አንዲት ዛፍ ቢያመሰግን፣ ጁ ሚየን መቶ ይፈልጋል፤ ከጁ ሚየን በታች ያለው ሹምም የመቶውን ዋጋ ከድሀው ይሰበስባል።

ይህን ነገር ዝም ብለው ያላለፉ ሁለት ሰዎችን እናንሣ። አንደኛው ዴንግ ሱ የሚባል የንጉሣዊው ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። ሹማምንቱ ለአበባና ለድንጋይ ሲሉ ሕዝቡን ማስጨነቃቸውን የሚነቅፍ 11 ግጥም ጽፎ አቀረበ፤ ወዲያው ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። ሁለተኛው ሊ ጋንግ ነው። ሊ ጋንግ የዘር ሐረጉ ከደቡቡ ከፉጂየን አውራጃ ነው። በ1119 ካይፈንግን ጐርፍ ባጥለቀለቃት ጊዜ፣ ይህ ለመንግሥት ማስጠንቀቂያ ነውና ይታሰብበት ብሎ ለንጉሠ ነገሥቱ ማስታወሻ ጻፈ። ምላሹ ከማዕረጉ ተዋርዶ በፉጂየን በሻ ወረዳ ለሚገኝ አንድ የግብር ሹምነት መላክ ሆነ። ሻ የዴንግ ሱ አገር ነበረችና ሁለቱ ተገናኝተው ወዳጆች ሆኑ።

ይህ ሊ ጋንግ ስለ ሃን ሺያው አበባ አንድ ረጅም ቅኔ መሰል ጽሑፍ ትቶልናል። በመግቢያው ከደቡብ ዕፀዋት ሁሉ በውበት የሚተካከላት እንደሌለ ይናገራል፤ ደግሞም በዚያው ወራት በቤተ መንግሥት ሞገስ አግኝታ ዋጋዋ ከፍ ማለቱን ይመሰክራል። እኛ ይህን ስናነብ የምናስበው ሌላ ነገር ነው። ሊ ጋንግ አበባዋን አልጠላም። ለእርሷ ሲባል የሚሠራውን ግፍ ከእርሷ ለይቶ ማየት ችሏል። ግፍ ባየበት ሁሉ የግፉን ሰበብ ለሚጠላ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ነገሩ በ1120 ፈነዳ። በዛሬው የዠጂያንግ አውራጃ ፋንግ ላ የሚባል ሰው፣ ጁ ሚየን ይገደል እያለ ሕዝቡን አስነሥቶ ሸፈተ፤ ብዙ ከተሞችም በእጁ ወደቁ። እንዲያስታግስ የተላከው ጃንደረባው የጦር አዛዥ ቶንግ ጓን የሕዝቡን ምሬት ባየ ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የጸጸት አዋጅ አስነግሮ የአቅርቦቱን መሥሪያ ቤት ዘጋው። ሕዝቡ ደስ አለው። ፋንግ ላ በ1121 ተይዞ ዐመፁ ሲበርድ ግን መሥሪያ ቤቱ እንደ ገና ተከፈተ! ጁ ሚየንም ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዐመፁ ይልቅ ይህ መመለሱ ለመንግሥቱ የሞት ምልክት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ፈጥኖ ያልቃል። በ1125 መጨረሻ ጁርቼን የሚባሉት የሰሜን ፈረሰኞች ወረሩ። ሁዪዞንግ ራሱን የሚወቅስ አዋጅ አወጣ፤ የአበባውንም ጭነት ሻረ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለቀቀ። ጁ ሚየን በ1126 ተገደለ። ሊ ጋንግ ተጠርቶ የከተማይቱን መከላከያ ያዘ፤ የመጀመሪያው ከበባም በብዙ ወርቅና ብር ካሣ ተነሣ። ወዲያው ግን የሰላም ወገን ነን የሚሉት ሹማምንት ሊ ጋንግን አስነሡት። ጠላት በክረምቱ ተመለሰ። በረዶ ይጥል ነበር፤ ማገዶም ጠፋ። በጌን ዩዌ ያሉት አጋዘኖች ታርደው ለወታደር ቀለብ ሆኑ፤ አእዋፉ ወደ ወንዙ ተጣሉ፤ እነዚያ ድልድይ እየፈረሰላቸው የመጡ ድንጋዮች ተፈልጠው ለድንጋይ መወርወሪያው መሣሪያ ጥይት ሆኑ። ዛፎቹም ተቆርጠው ነደዱ። በ1127 መጀመሪያ ካይፈንግ ተያዘች፤ ሁዪዞንግና ልጁ ከብዙ ሺህ ቤተ ሰብና ሠራተኛ ጋር ወደ ሰሜን ተነዱ። ሠዓሊው ንጉሠ ነገሥት በ1135 በዚያው በግዞት ሞተ። ሊ ጋንግ በ1127 በአዲሱ መንግሥት ዋና ሚኒስትር ሆኖ ቢሾምም በሥራው የቆየው ሦስት ወር እንኳ አይሞላም፤ ተሽሮም ሃን ሺያው ወደምትበቅልበት ወደ ደቡብ ተጋዘ።

ዛፏ ግን በአገሯ በደቡብ እንደ ነበረች ነበረች። ገበሬው፣ መነኩሴው፣ ጸሓፊው በግቢው ይተክላት ነበር፤ በሸክላ የምትሸጥም ሆነች። ስድስት መቶ ዓመት ተኩል ያህል ተሻግረን ብንሄድ በካንቶን ከተማ እናገኛታለን።

ከ1757 ጀምሮ የቻይና መንግሥት የአውሮፓ ነጋዴዎች ከካንቶን በቀር በሌላ ወደብ እንዳይነግዱ ከልክሎ ነበር። በከተማይቱም ውስጥ እንደ ልብ መዘዋወር አይችሉም። ከሚፈቀድላቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ከወንዙ ማዶ ያለው የአበባ ገበያ ነው። ፈረንጆች በቻይና ዕፀዋት ባለጠጋ የሆኑት ዱር ለዱር ዞረው አይደለም፤ በዚያ ገበያ በሸክላ የተደረደረውን በገንዘብ ገዝተው ነው። ያን ተክል ለብዙ ትውልድ መርጦ፣ ቆርጦ፣ አዳቅሎ ያሳደገው የካንቶን አትክልተኛ ስሙ በአንድም የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ከዛፏ ጋር አልተጻፈም።

የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነው። ዦአዎ ደ ሎሬይሮ የፖርቱጋል ተወላጅና የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበር፤ ይህን ማኅበር የአገራችንን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ሎሬይሮ በ1742 ዛሬ ቬትናም በምትባለው አገር ኮቺንቺና ወደምትባለው ግዛት ገብቶ ከ30 ዓመት በላይ ኖረ። የአውሮፓ መድኃኒት ስለማይደርሰው በአገሩ ቅጠላ ቅጠል ማከም ጀመረ፤ ከሕክምናው ወደ ዕፀዋት ጥናት ገባ። አስተማሪ አልነበረውም፤ የሊኔዎስን መጻሕፍት ያገኘው ከአንድ የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ እጅ ነው። ወደ ካንቶን ተሻግሮም ሦስት ዓመት ያህል ከተቀመጠ በኋላ በ1782 ወደ ሊዝበን ተመለሰ። «የኮቺንቺና ዕፀዋት» የተባለው መጽሐፉ በ1790 ሲታተም እርሱ ሽማግሌ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ዐረፈ።

በዚህ መጽሐፍ ሁለት ትንንሽ ዛፎች ጐን ለጐን ይገኛሉ፤ አንዲቱን ኮኮ፣ ሁለተኛይቱን ፊጎ ብሎ ሰየማቸው። ሁለተኛይቱ የእኛዋ ሃን ሺያው ናት። «ፊጎ» በፖርቱጋል ቋንቋ በለስ ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን በምሥራቅ የሚኖሩ ፖርቱጋሎች ሙዝንም በለስ ይሉት ነበር። አበባዋን አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው ስሙ እንግዳ አይሆንበትም። ሎሬይሮ አድርቆ ካስቀመጣቸው ዕፀዋት ከፊሎቹም የናፖሊዮን ጦር ሊዝበንን ከያዘ በኋላ በ1808 ወደ ፓሪስ ተወሰዱ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ይገኛሉ።

ዛፏ በሕይወቷ እንግሊዝ አገር የደረሰችው በ1789 ነው። በወረቀት ላይ ይህ አጭር ቃል ነው፤ በባሕር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መርከቡ ከካንቶን ተነሥቶ ሁለት ጊዜ የምድርን ወገብ አቋርጦ፣ የደቡብ አፍሪካን ጫፍ ዞሮ ለመድረስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል። ሸክላው በመርከቡ ጀርባ ላይ ለጨው ውሃና ለነፋስ ይጋለጣል፤ የመጠጥ ውሃ ሲያንስም ለመርከበኛ እንጂ ለአበባ አይሰጥም። በማካዎና በካንቶን የነበረው ሐኪም ጆን ሊቪንግስተን (አፍሪካን የዞረው ዴቪድ ሊቪንግስተን አይደለም) በ1819 እንዳሰላው ከሺህ ተክል አንዱ ብቻ ከነሕይወቱ እንግሊዝ ይደርስ ነበር። ይህ የተለወጠው ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም በ1829 በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ያለ አፈር የራሱን እርጥበት እየመለሰ ተክል እንደሚያኖር ካስተዋለ በኋላ ነው። በ1833 በመስተዋት የተዘጉ ሣጥኖቹ ወደ ሲድኒ ተልከው ተክሎቹ በደኅና ደረሱ።

በእንግሊዝ አገር ብርዱ ስላላስቻላት ዛፏ የመስተዋት ቤት እመቤት ሆነች። የመስተዋት ቀረጥ እስከ 1845 ድረስ ስላልተነሣ እንዲህ ያለ ቤት ሠርቶ በምድጃ ማሞቅ የሚችለው ባለጠጋ ብቻ ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ግን አየሩ ከትውልድ አገሯ ጋር ስለሚመሳሰል በ19ኛው መቶ ዓመት ከቤት ውጭ ተተከለችና የሙዝ ቁጥቋጦ የሚል ስም አወጡላት። በቻርልስተንና በኒው ኦርሊንስ ዙሪያ በነበሩት የባላባት ግቢዎች ውስጥ እስከ 1865 ድረስ አትክልቱን የሚኮተኩቱት አብዛኞቹ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። የዛፏን ጥላና ሽታ የሚያወድሱ የዚያ አገር ጸሓፊዎች ይህን ሲዘነጉት እናያለን፤ እኛ ግን አንዘነጋውም።

አሁን ወደ ስሟ ነገር እንመለስ፤ አስቂኝ ሆኖ የሚታየን እርሱ ነውና። ማግኖሊያ የሚለው ስም የመጣው ከፒየር ማኞል ነው። ማኞል በ1638 በፈረንሳይ በሞንፔሊየ ተወለደ፤ በዕፀዋት ዕውቀት በከተማው የሚወዳደረው አልነበረም። ፕሮቴስታንት ስለ ነበረ ግን በ1667 የማስተማሩን ወንበር ተከለከለ። በ1685 ንጉሡ የፕሮቴስታንቶችን ነጻነት ሲሽር ማኞል ሃይማኖቱን ለወጠ፤ ወንበሩንም ያገኘው በ1694 ነው። ሹመት በዕውቀት ሳይሆን በሌላ ሚዛን በሚሰጥበት አገር ዐዋቂ ሰው 27 ዓመት ደጅ ይጠናል። እርሱ ግን ደጅ ሲጠና አልተኛም፤ በ1689 ባሳተመው መጽሐፍ ዕፀዋት እንደ ሰው በቤተ ሰብ መመደብ እንደሚችሉ አሳየ፤ 76 ቤተ ሰብም ቈጠረ። ሻርል ፕሉሚዬ የተባለ መነኩሴ በ1703 ከማርቲኒክ ደሴት ያገኛትን ዛፍ በስሙ ማግኖሊያ አላት፤ ሊኔዎስም ስሙን አጸደቀው።

ሊኔዎስ በ1753 ሌላ ተመሳሳይ ወገን ደግሞ ሚኬልያ ብሎ ሰየመ። ይህ የፍሎረንሱን ፒዬትሮ አንቶኒዮ ሚኬሊን ለማክበር ነው። ሚኬሊ ሻጋታ ከራሱ ዘር እንደሚበቅል ቅንጣቱን በተቆረጠ ሐብሐብ ላይ ዘርቶ በ1729 ያስረዳ ሰው ነው። የማግኖሊያ አበባ ከቅርንጫፉ ጫፍ ይወጣል፤ የሚኬልያ ግን ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ከሚገናኝበት ብብት ይወጣል፤ ዋናው ልዩነታቸው ይኸው ነው። የሃን ሺያው አበባ ከብብት ስለሚወጣ በመካከል ተቸገረች። በ1802 እንግሊዛዊው ሄንሪ አንድሩስ በቡናማ ጠጉሯ ሌላ የማግኖሊያ ስም አወጣላት። በ1817 የጄኔቫው ደ ካንዶል የሎሬይሮን ቃል መልሶ ማግኖሊያ ፊጎ አላት። በ1825 ጀርመናዊው ሽፕሬንግል ሚኬልያ ፊጎ ብሎ ለወጠው። በዚህ ስም ከ170 ዓመት በላይ ኖረች። የዘር ቅንጣት ምርመራ ከመጣ በኋላ ሚኬልያ በማግኖሊያ ቤት ውስጥ የበቀለ አንድ ቅርንጫፍ እንጂ የተለየ ወገን እንዳልሆነ ስለ ታየ፣ በ2004 የወጣ አመዳደብ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው፤ የደ ካንዶልም ስም ተነሣ።

ሁሉም ግን አልተስማማም። በ2008 የታተመው የቻይና ዕፀዋት መዝገብ ቅጽ ሚኬልያ የሚለውን ስም እንደ ያዘ ነው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል በውጭ አገር ሳላችሁ ይህችን ዛፍ ገዝታችሁ በመስኮታችሁ አጠገብ ልታኖሯት የምትሹ ብትኖሩ፣ በሸክላው ላይ ከሁለቱ ስሞች አንዱን ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ዛፏ ያቺው ናት። ኖራ ያለበት አፈር አትወድም፤ ውሃ በሥሯ ሲቋጥር ትታመማለች፤ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ውርጭ ትችላለች፤ ከዚያ ካለፈ ግን ወደ ቤት ይግቡልኝ ትላለች። ሻጩ ቻይናዊ የሆነ እንደ ሆነ ሁለቱንም የላቲን ስም ትታችሁ ሃን ሺያው በሉት። በሊ ጋንግ ዘመን ትጠራበት የነበረው ስም ይኸው ነው።